ከሐዲዱ እስከ ድልድዩ

ጥር 6

ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። ስድስት ፎቅ በእግር። ሦስተኛው ላይ ስልኬን የማይ አስመስዬ ቆምኩ… ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነበር እንጂ።

ባቡሩን ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ የመቀየሩን ጥናት ለአለቃዬ ለአራተኛ ጊዜ አስረዳሁ። ቦርዱ ፊት ራሳቸው መናገር ስለሚፈልጉ እንደ ተማሪ ይጠይቃሉ።

«እስቲ በአጭሩ በለኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ሺ አምስት መቶ ቮልት ካልን ኃይሉ ሩቅ አይሄድም። በየስምንት ኪሎ ሜትሩ ማከፋፈያ ጣቢያ ልንተክል ነው። ሽቦውም ወፍራም። ሃያ አምስት ሺ ካልን ለመስመሩ ሁሉ አንድ ጣቢያ ይበቃል። ሽቦው ቀጭን፣ ምሰሶው ቀላል።»

«ጉዳቱስ?»

«ሃያ አምስት ሺ ሳይነካ ይዘላል፣ በአየር። ከድልድይ ሥር ሲያልፍ ሰፊ ክፍተት ይፈልጋል። መስመሩ ላይ አሥራ አንድ ድልድይ አለ። ስምንቱ ይበቃሉ። ሦስቱን ከፍ ማድረግ ነው።»

«ሦስት ብቻ?»

«ሦስት ብቻ። ሠንጠረዡ አባሪው ላይ አለ።»

ውሳኔው መጋቢት 12 ነው። ከጸደቀ አዲሱን መምሪያ የምመራው እኔ እንደምሆን ነገሩኝ። በር እየዘጉ፣ እግረ መንገዳቸውን። እንዲህ ያለ ነገር ለምን ቁጭ ብለው አይናገሩም?

ጥር 9

ሺ አምስትን መተላለፊያው ላይ አየሁት። ደብዳቤ ሊያስፈርም መጥቶ ነው። ወደ ግድግዳው ዞሮ ማስታወቂያ አነበበ። ማስታወቂያው የአምናው ነው።

ቢሮው ያወጣልን ስም ነው። ሺ አምስት መቶ ቮልት ይሻላል ስለሚል እሱ ሺ አምስት። እኔ ሃያ አምስት። ዘጠኝ ዓመት አንድ ክፍል ተቀምጠን፣ በአንድ ማሞቂያ ሻይ እያፈላን ተከራከርን። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ስብሰባ የድልድዮቹን ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ አብርቼ «ወዳጄ፣ አንተ እኮ ድልድዮቹን ፈርተህ ነው» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። በወሩ ወደ ማሠልጠኛው ተዛወረ።

ያዛወርኩት እኔ አይደለሁም። ይህን ስንት ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ?

ጥር 15

የባለቤቴ አባት ጉልበታቸውን ከታከሙ ወዲህ እኛ ጋ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሐዲድ ጥገና ካቦ ነበሩ። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ሽቦው» ነው የሚሉኝ።

ጥናቱን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ኖሯል። ስገባ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አባሪውን ያገላብጣሉ።

«ሽቦው፣ ይሄ ቁመት ከየት እስከ የት ነው?»

«ከሐዲዱ ራስ እስከ ድልድዩ ሆድ፣ አባባ።»

«መቼ የተለካ?»

«ስዕሉ ላይ ያለ ነው።»

«የቱ ስዕል?»

«ድልድዮቹ ሲሠሩ የተሣለው። ማኅተም ያለበት።»

ሳቁ። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ስዕል ጠጠር አይጠቀጥቅም፣ ልጄ!»

ባለቤቴ «አባዬ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ» አለች። በዚያው ቀረ። ለእሷና ለእሳቸው ቀረ ማለቴ ነው።

ጥር 16

ሥራ ከመግባቴ በፊት ጠየቅኳቸው። ፊታቸውን እየተላጩ ነበር።

«ባቡር ሲመላለስበት ሐዲድ ይሰምጣል። እኛ አንስተን ጠጠር እንጠቀጥቅበታለን። ተቆጣጣሪ መጥቶ ዝቅ ብሎ ካገኘው ከደመወዛችን ይቆረጣል። ከፍ ብሎ ካገኘው ማንም ምንም አይለን። እና ሁልጊዜ ሁለት ጣት እናስበልጣለን። የተነሳ ሐዲድ አይከሰስም… እንል ነበር።»

«በየስንት ጊዜው?»

«በየዓመቱ። ውኃ የሚተኛበት ቦታ በዓመት ሁለቴ።»

«ዝቅ የሚያደርገውስ?»

ምላጩን ከጉንጫቸው አንስተው አዩኝ። «ጠጠር ይጨመራል እንጂ ማን ይዝቃል?»

«ለቢሮ አልነገራችሁም?»

«ማን ጠይቆን!»

ሁለት ጣት ስንት ነው? መልሶ የሚሰምጠውስ ስንት? በአርባ ዓመት… አላባዛሁትም። እርሳስ ይዤ አላባዛሁትም።

ጥር 21

ሥራ በዛ። ድልድዮቹን ልለካ አልሄድኩም። ስዕሉ ማኅተም አለበት፣ ሦስት ፊርማ አለበት።

ጥር 27

ከአባባ ጋር ሄድን።

ሰባተኛው ድልድይ። ከአውቶቡስ ፌርማታው ወደ ባለቤቴ ትምህርት ቤት የሚያሻግረው የብረት ድልድይ፣ የእግረኛ። ከጣቢያው ኃላፊ አርባ ደቂቃ ተሰጠን፤ በመሀል ባቡር የለም። መለኪያ ዘንጉን ከግምጃ ቤት ተውሻለሁ። እሳቸውን ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ብላቸው ተቆጡ።

«የታመመው ጉልበቴ ነው። ዓይኔን ምን አገኘው ብለህ ነው?»

ምሰሶው እግር ሥር ሄደው በምርኩዛቸው ጠጠሩን መጫር ጀመሩ። ዶሮ ይመስላሉ ብዬ ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። ከዚያ በእጃቸው። ከዚያ እኔም ተንበርክኬ። ከክንድ እኩሌታ በታች፣ ቅባት የለበሰው ሲሚንቶ ላይ፣ ነጭ የቀለም መስመር ወጣ።

«ይኸውልህ። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ ይሄን የቀባሁት በገዛ እጄ ነው። ያኔ የሐዲዱ ራስ እዚህ ነበር።»

ዘንጉን አቆምኩ። ስዕሉ አምስት ሜትር ከሃያ አንድ ይላል። ለሃያ አምስት ሺ ቢያንስ አምስት ከአሥር ያስፈልጋል። ዘንጉ አራት ከዘጠና ሰባት አለ።

ደግሜ ለካሁ። አራት ከዘጠና ሰባት።

እሳቸው ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሥራቸውን ያሳዩኝ ይመስል። ፊቴን ሲያዩ ደስታው ተነነ።

«ምን ሆንክ?»

«ይሄ ከሚበቁት ስምንቱ አንዱ ነበር፣ አባባ።»

ጉድጓዱን አዩ። ጠጠሩን አዩ። «ልመልሰው?» አሉ ቀስ ብለው።

የካቲት 2

ሌሎች ሦስት ለካሁ፣ ከሰዓት በኋላ እየሾለክሁ። ሐዲዶቹ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር ተነስተዋል። ሦስቱም በሠንጠረዤ «ይበቃል» ናቸው። ሦስቱም አይበቁም። የቀሩትን አልለካኋቸውም። ምን ያደርግልኛል?

ለባለቤቴ ነገርኳት። የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር፤ ቀይ እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም።

«እና? ንገራቸዋ!»

«ቀላል መሰለሽ።»

«ቀላል ነው መች አልኩ? ንገራቸው ነው ያልኩህ።»

የካቲት 8

አለቃዬ ሲሰሙ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ተነስተው በሩን ዘጉ፤ ውኃ ቀዱልኝ።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«የባለቤቴ አባት።»

«ጡረተኛው?»

«አዎ።»

መስኮቱ ጋ ቆሙ። ከዚያ ጣቢያው ይታያል፤ የናፍጣው ጭስ ጣራው ላይ ተኝቷል። «ስማኝ። ብድሩ የሚለቀቀው ዘንድሮ ብቻ ነው። ዘንድሮ ካልወሰኑ ሌላ አሥር ዓመት በዚህ ጭስ ውስጥ ነን። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምር፦ ቁመቶቹ በዲዛይን ወቅት ይረጋገጣሉ። ውሸት ነው?»

አይደለም። ውሸት አይደለም።

«ዲዛይን የሚሠራው ድርጅት ይለካዋል። ሥራው ነው።»

ይለካዋል? ሠንጠረዡ ላይ ፊርማዬ አለ። የተፈረመ ቁጥር ይዞ ዘንግ የሚሸከም ማን ነው? እኔ ራሴ ተሸከምኩ?

የካቲት 9

ጨመርኩት። ገጽ 112፣ የግርጌ ማስታወሻ 3። ፊደሉ ትንሽ ነው።

የካቲት 11

ሁለት ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ያስፈራኝ ይሄው ነው።

የካቲት 17

ዝናብ። ፌርማታው ጥላ ሥር ቆሜ ሁለት አውቶቡስ አሳለፍኩ። ድልድዩን እያየሁ።

ሰው ጃንጥላውን ይዞ ይጋፋል። አንዱ መሀል ላይ ቆመና የጠርሙሱን ትራፊ ውኃ ቁልቁል ደፋው። ቀጭን ሆኖ ወረደ፣ እስከ ሐዲዱ፣ ሳይቆረጥ። አንዲት ልጅ እርጥብ ሹራቧን በአጥሩ አሳልፋ ጨመቀችው። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ወጥታ በዚያው ላይ መጣች፤ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ትስቃለች።

ሽቦ ገና የለም። ከሥራቸው ምንም የለም። ግን የሚያልፍበትን ቁመት አውቀዋለሁ… ዓይኔ ሽቦውን ሣለው።

«ምነው እዚህ?» አለችኝ።

«ዝናብ ይዞኝ።»

ጃንጥላዬን አየችው።

የካቲት 20

ሽማግሌው እራት ላይ ማንኪያቸውን ሲያዞሩ ቆዩ። የኋላ ኋላ፣ ልጃቸው ወደ ማድ ቤት ስትገባ፦

«ለኔ ብለህ ነው የምትደብቀው?»

«ምኑን፣ አባባ?»

«እንደ ሕፃን አታድርገኝ። ሐዲዱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰው ቢጎዳ… ጥፋቱ የኛ ነው ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ዳቦውን ቆርሰው ሳይበሉት ሳህኑ ላይ ተዉት።

የካቲት 26

ባለቤቴ ስለ ድልድዩ መጠየቅ ትታለች። ስለ ደረቷ ሕመም፣ ስለ ተማሪዎቿ፣ ስለ ቧንቧው ትነግረኛለች። በጣም ጨዋ ሆናብኛለች። እንግዳ እንደምታስተናግድ።

መጋቢት 1

ወደ ማሠልጠኛው ሄድኩ።

ሺ አምስት ነጭ ካፖርቱን ለብሶ፣ ለሁለት የተከፈለ ሞተር ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ያስተምራል። ክፍሉ ቅባትና ጠመኔ ይሸታል። አይቶኝ አረፍተ ነገሩን ጨረሰ፣ ተማሪዎቹን አስወጣ።

«ሃያ አምስት በእግሩ መጣ! ምን ሊያፈርስ ይሆን?»

ነገርኩት። ነጩን መስመር፣ አራቱን ድልድይ፣ የግርጌ ማስታወሻውን ሳይቀር። እንዲስቅ ጠብቄ ነበር። ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፣ ሊስቅብኝ እንደሚገባ አምኜ። ድል የእሱ ናት፤ ልሰጠው ነው የመጣሁት… እንዲያ እያልኩ ነበር አውቶቡስ ውስጥ። ትንሽም ኮርቼ ነበር መሰለኝ፣ በትሕትናዬ።

«ቁጥሮቹን በለኝ» አለ።

አልኩ። አራቱንም ሰሌዳው ላይ ጻፋቸው። ጠመኔውን ይዞ ቆመ።

«የኔ ጥናት ላይ ቁመቱ ከየት የመጣ ይመስልሃል?»

«ከ… ስዕሉ?»

«ከስዕሉ። ለሺ አምስት መቶ አምስት ሜትር ይበቃኛል፣ አንድም ድልድይ አልነካም ብዬ ጽፌያለሁ። ፈርሜ። ያንተ ሰባተኛ አራት ከዘጠና ሰባት ነው።»

«ያንተም አያልፍም?»

«የኔም አያልፍም።»

መተላለፊያው ላይ ተማሪዎቹ ይንጫጫሉ። አንዱ በሩን ከፈት አድርጎ አየንና ዘጋው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ተከራከርን» አልኩ።

«በወረቀት» አለ። ጣቱን በካፖርቱ ጠረገ። «ያን ቀን ድልድዮቹን ፈርተህ ነው አልከኝ። እውነትህን ነበር፣ ፈርቻቸዋለሁ። ለምን ሄጄ አላየኋቸውም? እሱን ነው ሳስብ የከረምኩት የምል ይመስልሃል? የለም። ሳስብ የከረምኩት ሳቃችሁን ነው።»

«ያን ቀን…»

«ይቅርታ ልትለኝ ከሆነ ተማሪ እየጠበቀኝ ነው። ቦርዱ ፊት ከተናገርክ የኔንም ጨምር። ግማሹን ብቻ እንዳትናገር።»

በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ። ዞርኩ። ተወው እንደ ማለት በእጁ አሰናበተኝ።

መጋቢት 11

አለቃዬ ደወሉ። «ነገ የምናገረው እኔ ነኝ። አንተ ከኋላ ተቀመጥ።»

«እሺ።»

እሺ አልኩ። አፌ ነው ያለው። ሸሚዜን ባለቤቴ ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። ሳትጠይቀኝ።

መጋቢት 12

ከኋላ ተቀመጥኩ። አሥራ ሦስት ሰው፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውኃ። አለቃዬ ጥሩ ተናገሩ። ከኔ ይሻላሉ። ስለ ጭሱ ሲናገሩ ሁለት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሊቀ መንበሩ አባሪውን ገለጡ። «ሦስት ድልድይ ብቻ ነው ከፍ የሚለው?»

«በጥናቱ መሠረት፣ አዎን።»

እጄ ተነሳች። እኔ ነኝ ያነሳኋት? አለቃዬ ዞረው አዩኝ። በዓይናቸው ተቀመጥ አሉኝ፤ ተቀምጬ እኮ ነበር።

«ሦስት አይደለም» አልኩ። «አራት ለክቼ አራቱም አይበቁም። ሌሎቹን አላውቅም።»

«ማን ለካ?»

«እኔ።»

«ሠንጠረዡን ያዘጋጀውስ?»

«እኔ።»

«ስሕተቱን ያገኘውስ?»

«የባለቤቴ… አንድ የሐዲድ ጥገና ካቦ። ስሕተቱን የሠራሁት ግን እኔ።»

ከዳር የተቀመጠው ወፍራሙ ሰው «እዚህ ቢሮ ሌላ ሠራተኛ የለም እንዴ?» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ የሐዲዱን ነገር አስረዳሁ። የሺ አምስት መቶው ጥናትም ከዚያው ስዕል የተቀዳ እንደሆነ ተናገርኩ። ግማሹን ብቻ አልተናገርኩም። አለቃዬ ወረቀታቸውን በጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ አስተካከሉ፤ የተስተካከለውን ወረቀት፣ ደጋግመው።

ቤት ስገባ ሽማግሌው በር ላይ ቆመዋል።

«ስማችንን አነሱ?»

«ካቦ ነው ያገኘው አልኳቸው።»

«ስሜን አልጠየቁም?»

«አልጠየቁም፣ አባባ።»

ቅር ያላቸው መሰለኝ።

መጋቢት 14

ደብዳቤው ደረሰ። ሁለቱም ጥናቶች ተመልሰዋል። የኛን ጨምሮ ከከተማው የሚወጡት የሦስቱም መስመሮች ድልድዮች ሁሉ እስኪለኩ ውሳኔ የለም። የዘንድሮው ብድር አልፏል።

መምሪያው የለም። ጠረጴዛዬ ወደ ምድር ቤት ወርዷል፣ ከካርታ ማኅደሩ አጠገብ። አለቃዬን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው።

«አሥር ዓመት» አሉኝ።

ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

መጋቢት 23

ጣቢያው ላይ። አንዲት እናት የልጇን አፍንጫ በሻርፕ ሸፍናለች። ባቡሩ ሲነሳ ጥቁሩ ጭስ መድረኩን አለበሰው። ልጁን አሳለው፣ ደጋግሞ። ሳሉን ቆጠርኩት። ይሄም የኔ ነው። ድልድይ ላይ ባይሆን እዚህ። ዝም ብዬ ቢሆንስ? ዲዛይነሩ ምናልባት ይለካው ነበር… ምናልባት።

ባለቤቴን ጠየቅኳት። «እኔ እንጃ» አለች። ከዚያ ግን እግሯን እግሬ ላይ ጫነች፣ ሶፋው ላይ፣ እንደ ድሮው። ከባድ ነው እግሯ። አልተንቀሳቀስኩም።

ሚያዝያ 5

ሁለተኛው መስመር፣ አራተኛ ድልድይ። በደብዳቤ የተመደብነው ሁለት ነን። እኔና ሺ አምስት። ዘጠነኛ ቀናችን ነው። እኔ ዘንግ እይዛለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ከቁጥር በቀር ቃል የለም። ምሳችንን የሐዲዱ ግራና ቀኝ ተቀምጠን እንበላለን፤ ባቡር ሲያልፍ እንተያያለን ማለት አይቻልም።

ዛሬ አንዲት ሴትዮ ዘንቢል ይዘው ከላይ አጎነበሱ።

«እናንተ! ምን እያደረጋችሁ ነው እዚያ?»

«ቁመት እየለካን ነው፣ እናቴ።»

«ለኤሌክትሪኩ ነው?»

«ለኤሌክትሪኩ።»

«መቼ ነው የሚመጣው ታዲያ?»

«አላውቅም።»

«በየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው አንተ፣ ይሄን የማታውቅ?» ብለው ሄዱ።

ከኋላዬ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ። ሺ አምስት ደብተሩን ደረቱ ላይ አድርጎ ይስቃል። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ።

«ሃያ አምስት አላውቅም አለ! በኔ ዕድሜ!»

«ጻፈዋ!»

«ቦታ የለውም፣ ሠንጠረዡ ላይ።» ዓይኑን ጠረገ። ሳቁ እንደ መጣ ሄደ። «በል፣ ቁጥሩን።»

«አምስት ከሁለት።»

«ድገመው።»

ደገምኩት። ዘንጉን ቀጥ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ።

«አምስት ከአንድ።»

እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳ። «የቱ ነው?»

ልዩነቱ አንድ ሳንቲሜትር ነው፤ ሁለቱም ለሱ ያልፋሉ፣ ለኔ አያልፉም። የትኛውንም ቢጽፍ ማንም አይጠይቀንም።

ለሦስተኛ ጊዜ ዘንጉን አነሳሁ። እሱም ደብተሩን ጠጠሩ ላይ አስቀምጦ መጣና የታችኛውን ጫፍ ያዘልኝ።